ታላላቆቹን ፎቶ አንሺዎች «ማጥናት» ምን ማለት ነው? (የሰው ፎቶ ለምታነሱ)

ብርሃን ፈላጊ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራዬ ምርቃት፣ ሠርግና ክርስትና ማንሳት ነው። ልቤ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ በሚነሳው ፎቶ ላይ ነው። ምክር በጠየቅሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «የታላላቆቹን ሥራ አጥና» ይሉኛል። እሺ ብዬ ስልኬን በካርሽ፣ በአቬደን፣ በፔን፣ በሴዱ ኬይታ ፎቶዎች ሞላሁት። ማታ ማታ አያቸዋለሁ፣ እደነቃለሁ፣ እተኛለሁ። በማግስቱ ደንበኛ ፊቴ ሲቀመጥ ያ ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋና ጉርድ ፎቶ የመሰለ ነገር አንስቼ እሸኘዋለሁ።

ያለኝ አንድ ካሜራ፣ ባለ 50 እና ባለ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ ከነጃንጥላው ነው። እናንተ ስታጠኑ በእጃችሁ ምን ትሠራላችሁ? ከማየት የሚለየው የቱ ላይ ነው? እግረ መንገዴን፣ ነጭ የለበሰ ሰው ሳነሳ ፊቱ ለምን እንደሚጠቁርብኝ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ጨለማ ክፍል (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ያንን ክምር ተወውና አንድ ፎቶ ምረጥ። አንድ ብቻ። ከዚያ የሰውየውን ዓይን አጉልተህ ተመልከት። ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ታገኛለህ፤ መብራቱ የት እንደነበረ የምትነግርህ እርሷ ናት። አራት ማዕዘን ከሆነች ምናልባት መስኮት ነው፤ ክብ ከሆነች ጃንጥላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ከሆኑ መብራቱም ሁለት ነው። ቀጥለህ የአፍንጫውን ጥላ ተከተል። ወደ ታች ወርዶ ከላይኛው ከንፈር በላይ ከቆመ መብራቱ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ ነበር። ወደ ጎን ሄዶ ከጉንጩ ጥላ ጋር ከተገናኘና ከዓይኑ ሥር ሦስት ማዕዘን ብርሃን ከተረፈ፣ በሠዓሊው በሬምብራንት ስም የሚጠራው አበራር እርሱ ነው። ከዚያ የጥላውን ጠርዝ እይ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ከሆነ መብራቱ ትንሽ ወይም ሩቅ ነበር፤ እየሳሳ የሚጠፋ ከሆነ ትልቅ ወይም ቅርብ ነበር።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ከላይ እንደሚታይ አድርገህ ሣለው፦ ሰውየው እዚህ፣ ካሜራው እዚያ፣ መብራቱ በዚህ በኩል። ካሜራው በዓይን ከፍታ ነው ወይስ በደረት? ከዚያ ጎረቤትህን ጠርተህ አስቀምጥና ያንኑ ፎቶ ለመድገም ሞክር። አይመጣልህም። የማይመጣበትን ምክንያት ስትፈልግ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው።

ካርሽን ውሰድ። ቸርችልን በታኅሣሥ 1941 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኦታዋ ውስጥ ሲያነሳ ሲጋሩን ከአፉ እንደነጠቀው ሁሉም ያወራል። ወሬው ፎቶውን ሸፍኖታል። እስኪ እጆቹን ተመልከት፦ አንዱ ወገቡ ላይ ነው። ካርሽ እጅን እንደ ሁለተኛ ፊት የሚቆጥር ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ብርሃን ይሰጠዋል። ከኋላ በጎንና በጎን የሚመጣው ብርሃን ደግሞ ትከሻውን ከጨለማው ይለየዋል። ይህን ከየት አመጣው? ቦስተን ውስጥ ጆን ጋሮ ዘንድ በቀን ብርሃን ነበር የሠለጠነው። ኦታዋ ሲገባ ግን ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ተቀላቀለ፤ ሰው ሠራሽ መብራት እንደ ልብ እንደሚታዘዝ ያየው መድረክ ላይ ነው። ስለዚህ ካርሽን ማጥናት የፈለገ ሰው አንድ ምሽት ብሔራዊ ቲያትር ገብቶ ተዋናዮቹን ትቶ መብራቱን ሲከታተል ቢያመሽ ብዙ ያተርፋል።

ዓባይ ዳር (ባሕር ዳር)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ካርሽ ለአዳማ ልጅ ምን ይሠራለታል? አንድ ፍላሽ ነው ያለው። ደግሞም ሁልጊዜ ከውጭ መጀመራችን ይገርመኛል። እኛ ዘንድ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሱ የቦያጂያን ቤተሰብ ነበሩ። የአያቶቻችን ጉርድ ፎቶና የቤተሰብ ፎቶ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ወንድማማቾች፣ እጅ ጉልበት ላይ። ያንን ማን አጠና? ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህስ? ፊትን ነጭ ወይም ሰማያዊ ቀብታ፣ ልብሱን ቀይ አድርጋ፣ ዳሎል ጨው ላይ ሰው ስታቆም ከማን ኮርጃ ነው? እኔ ብሆን ከእርሷ እጀምር ነበር።

ጨለማ ክፍል

ቦያጂያንም ካርሽም አርመኖች ናቸው፤ ስለዚህ ከውጭና ከውስጥ የሚለው ክርክርህ ትንሽ ይላላል። በዚያ ዘመን ከካይሮ እስከ ኢየሩሳሌም ፎቶ ቤት የከፈተ አርመናዊ የማታገኝበት ትልቅ ከተማ ጥቂት ነው። አይዳን በተመለከተ አልከራከርህም። ይሁንና የእርሷ ሥራ ከመነሳቱ በፊት በሐሳብ፣ በልብስና በቀለም የተሰናዳ ነው። ገና መብራት ማንበብ ለሚማር ልጅ በቀለሙ ውበት ይወሰድና ሌላውን ያልፈዋል ብዬ እሰጋለሁ። አበራሩ ራሱ ግን ቀላል ነው፤ ለጀማሪ የማይከብድ።

ለአንድ ፍላሽ ባለቤት የምመክረው ሴዱ ኬይታን ነው። በ1948 ማሊ፣ ባማኮ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ፎቶ ቤት ከፈተ። ብዙውን ያነሳው ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነው። ካሜራው 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ፊልም የሚወስድ የእንጨት ካሜራ ነበር፤ ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው። መጀመሪያ የሰቀለው መጋረጃ የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። መጋረጃውን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይር፣ ኋላ ላይ ፎቶው የትኛው ዘመን እንደሆነ የሚለየው በመጋረጃው ነበር። ዘመናዊ ሰዓት፣ ራዲዮ፣ ቬስፓ፣ ኮት ለደንበኛ ያውስ ነበር። ይህ ሁሉ አዳማ ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው?

ስደተኛዋ ሌንስ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ ደግሞ አንድ ፎቶ መምረጥ የሚለውን ላሻሽለው። አንድ ፎቶ ሳይሆን አንድ ቀን ምረጥ፤ ፎቶ አንሺው ያን ቀን ያነሳቸውን ሁሉ። የታላላቆቹ ችግር የሚደርሰን የተመረጠው ብቻ መሆኑ ነው፤ ያመነቱበትን አናይም።

ይህን የሚፈታ ሀብት አለ፤ በነጻ ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ያገኘዋል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ያሠራው የፋርም ሴኩሪቲ አድሚኒስትሬሽን ፎቶ ስብስብ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ ውስጥ ያነሳቻትን ስደተኛ እናት ፈልግ። በዚያው ቀን የተነሱ ሌሎች ፎቶዎችም አሉ። በአንዱ ድንኳኑ ከነኮተቱ ይታያል፤ ላንግ ከሩቅ ናት። በሌላው ቀርባለች። በታወቀው ውስጥ ድንኳኑ ጠፍቷል፣ ልጆቹ ፊታቸውን አዙረዋል፣ የእናትየው እጅ አገጯ ላይ ደርሷል። እርምጃ በእርምጃ ምን እየቀነሰች እንደሄደች ታየዋለህ። የቀነሰችው ከፎቶው በኋላም አልቆመም፤ ከታች በቀኝ በኩል ምሰሶውን ይዞ የነበረ አውራ ጣት ኋላ ላይ በእጅ ሥራ እንዲደበዝዝ ተደርጓል።

ጎርደን ፓርክስ ሌላው ነው። በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታጸዳ የነበረችውን ኤላ ዋትሰንን በባንዲራ ፊት መጥረጊያና መወልወያ ይዛ አቆማት። ሰው የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው። ፓርክስ ግን በዚህ አልቆመም፤ ቤቷ ሄደ፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር አነሳት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ተከተላት። አንድ ሰው ላይ መቆየትን ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። እኔ ራሴ ዋሽንግተን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ መግቢያው ነጻ ስለሆነ በየጊዜው እሄዳለሁ። ስልክ ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየው ቦታ በወረቀት ላይ ስንት ዓይነት ጥቁር እንደሆነ ማየት ነው ጉዳዬ።

ጥላ ወዳድ (ዱባይ)

ስለ አቬደን ማንም አላነሳም፤ ለአንድ ፍላሽ ባለቤት ግን እርሱም ይሆናል። እንዲያውም ያለ ፍላሽ። ከ1979 እስከ 1984 በአሜሪካ ምዕራብ ሲዘዋወር ማዕድን ቆፋሪ፣ ከብት አራጅ፣ የመንገድ ዳር ሠራተኛ ያነሳው ሁሉ አሠራሩ አንድ ነው። ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ቦታው ጥላ ነው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የለም። ካሜራው 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ፊልም የሚወስድ ትልቅ ሳጥን ነው። ፊልሙ ከገባ በኋላ በካሜራው ውስጥ ማየት ስለማይቻል እርሱ ከካሜራው ጎን ይቆማል። ሰውየው የሚያየው ሌንሱን ወይም አቬደንን ራሱን ነው።

እኔ ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ስለሆነ አርብ ከሰዓት በኋላ አገር ልጆችን በዚህ መንገድ አነሳለሁ። ከሕንጻ ጥላ ሥር ነጭ ወረቀት እለጥፋለሁ። ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ነው፤ የማንሻው መጫኛ በእጄ፤ እኔ ጎን ቆሜ አወራለሁ። ካሜራ ከፊቴ ሲነሳ ሰዎቹ ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናሉ። ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት በሳምንት አንድ ቀን ለብሳ ወጥታ፣ እኔን እያየች ስታወራ ትከሻዋ ይወርዳል። ያንን በሌንስ ዋጋ አታገኘውም።

ዓባይ ዳር

አቬደን ሰዎቹን አላጎሳቆለም ትላለህ? ያን ጊዜም ብዙዎች ወቅሰውታል። ከሚሠሩበት ቦታ ነጥቆ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያቆማቸው የእርሱ ሐሳብ መግለጫ ሆኑ። አርኖልድ ኒውማን በተቃራኒው ሰውየውን ከነሥራው ነው የሚያነሳው፤ የሙዚቃ ደራሲውን ስትራቪንስኪን በ1946 ሲያነሳ የፒያኖው ክዳን ፎቶውን ሞልቶት ሰውየው ጥግ ላይ ነው። ሸማኔን ከነመወርወሪያው፣ አናጢን ከነመጋዙ ማንሳት ለእኛ አገር ይበልጥ ይስማማል።

ጥላ ወዳድ

ወቀሳውን አውቀዋለሁ፤ በከፊል እቀበለዋለሁም። ነገር ግን የሸማኔው ፎቶ ሁልጊዜ ስለ ሽመና ይሆናል። እኔ እነዚያን እህቶች ከነመጥረጊያቸው ላንሳቸው? የእረፍት ቀናቸው እኮ ነው።

ዓባይ ዳር

ይህኛው መልስ አሸንፎኛል።

ጨለማ ክፍል

የነጩን ልብስ ጥያቄ ዘለላችሁት፤ እኔ ልመልስ። ካሜራ ነጭና ጥቁር አያውቅም። ከፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ነው የሚለካው። ነጠላ የለበሰች ሴት ስታስቀምጥለት «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ልኬቱን ከፊቷ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ከጠይም ወይም ከጥቁር ፊት ለክተህ እንዳለ ካነሳህ ካሜራው በተራው ፊቱን ወደ ግራጫ ያነጣዋል። ስለዚህ እንደ ቆዳዋ ቀለም ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርግ (አንድ ስቶፕ ዝቅ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። የነጠላው ጥለትና ሽመና መታየቱን በሂስቶግራሙ፣ ማለትም ካሜራው የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳይበት ግራፍ አረጋግጥ። ሁለቱም አልታረቅ ካሉ ብርሃኑ ነው የማይመቸው፤ ወደ ጥላ አግባት።

ነጠላው ችግር ብቻ አይደለም፤ ከታች ወደ አገጭና ወደ ዓይን ጉድጓድ ብርሃን ይመልሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆንን የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ይወርዳል፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ነጭ ጋቢ አጥፈህ ጉልበቷ ላይ፣ ከፎቶው ውጭ አስቀምጥ። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ግን አታስቀምጣት፤ አረንጓዴው ጉንጯ ላይ ይወጣል።

ስደተኛዋ ሌንስ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ቆዳ ላይ መልክ የሚወጣው ብርሃን በማብዛት አይደለም፤ በማንጸባረቅ ነው። ትልቅ መስኮት በጎን በኩል ስታደርግ ጉንጭ፣ ግንባርና የአፍንጫ ድልድይ ላይ ረጅም ለስላሳ ብልጭታ ይተኛል። ቅርጹን የሚያወጣው እርሱ ነው። ትንሽ ፍላሽ ፊት ለፊት ብትተኩስ ያው ብልጭታ ላብ የመሰለ ነጥብ ይሆናል። የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ለረጅም ዘመን የቀለም ህትመት የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ፎቶ እንደነበረ አትርሱ፤ በብዙ የቤተሰብ አልበማችን ውስጥ ፊታችን እንደ ጥላ የቀረው በአንሺው ድክመት ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ ማንም ስላልጠራው ፎቶ አንሺ፣ ስቲቭ ማኬሪ። ታኅሣሥ 1984 ፔሻዋር አጠገብ ባለ የስደተኞች ካምፕ ያነሳት አፍጋናዊት ልጅ በሰኔ 1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ሆነች። ስሟ ሻርባት ጉላ መሆኑን ዓለም ያወቀው በ2002 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ስም አልባ! ላንግ ያነሳቻት እናትም እንዲሁ፤ ፍሎረንስ ኦዌንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ሲሆን፣ ከፎቶው አንድም ነገር እንዳላገኘች ተናግራለች። ላሊበላ ሄደው ቄሱን ከነመስቀላቸው በመስኮት ጨረር ሥር የሚያስቆሙ፣ ኦሞ ወርደው ፊት ለቅመው የሚመለሱ ሁሉ ይህንን ፎቶ ነው የሚኮርጁት። ከታላላቆቹ የምንወስደው ይህንንም እንዳይሆን።

ዓባይ ዳር

እህቴ፣ የልጅቷ ጉዳይ አያከራክርም። ቀለሙን ግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የዓይኗ አረንጓዴና ከኋላዋ ያለው አረንጓዴ አንድ ነው፤ በመካከላቸው ቡናማ ቀይ ሻርፕ አለ፤ በቀዳዳው በኩል የውስጥ ልብሷ አረንጓዴ ብቅ ይላል። ጨለማ ክፍል ጋሼ ያሉትን ካርታ በብርሃን ፈንታ በቀለም ብትሠራ ከዚህ ብዙ ትማራለህ። ስም ጠይቆ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ የታተመ ፎቶ ሰጥቶ መሸኘት ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

ብርሃን ፈላጊ

እናንተ ስትከራከሩ እኔ ሞክሬ መጣሁ። የመረጥሁት ኬይታን ነው። አክስቴን ግቢ ውስጥ በበረንዳው ጠርዝ ጥላ ሥር አስቀመጥኋት፤ ከኋላዋ አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ሰቀልሁ። ልኬቱን ከጉንጯ ወስጄ ትንሽ ዝቅ አደረግሁ፤ ፊቷ አልጠቆረም፣ የነጠላዋ ጥለትም አልጠፋም። ለዚህ ብቻ እግራችሁን ልሳም።

አልሆን ያለኝ ሌላ ነው። ነጠላዋን አውልቃ አበባ ያለበት ቀሚሷን ስትለብስ፣ ቀሚሱና የአልጋ ልብሱ ተደባልቀው አክስቴ ግድግዳው ውስጥ ገባች። ኬይታ ግን ባለ አበባ ቀሚስ በባለ አበባ መጋረጃ ፊት አድርጎም ሴትየዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ምስጢሩ ምንድን ነው?

ጨለማ ክፍል

ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረህ ተመልከት። ቀሚሱና መጋረጃው እኩል ግራጫ ሆነው ታገኛቸዋለህ። ኬይታ ዘንድ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ይደምቃል ወይም ይጨልማል፤ የአበባው መጠንም አንዱ ደቃቅ፣ ሌላው ሰፋፊ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ አይተክልም። ደረቱን ገደድ ያደርገዋል፣ ወይም አልጋ ላይ በክንዱ አስደግፎ ያጋድመዋል፤ አካሉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲያቋርጥ የመጋረጃው ድርድር ይሰበራል። ሦስተኛ፣ እጅ፣ ጌጥና ራስ መጠቅለያ ልሙጥ ቦታ ስለሚፈጥሩ ዓይን እዚያ ያርፋል። አክስትህን ከመጋረጃው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት አምጣት።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ዲጂታል ነው ብለህ ተኩስ አታብዛ። ቀሚሱን፣ እጁን፣ አገጩን ሁሉ አስተካክለህ ስትጨርስ አንድ ጊዜ አንሳ። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ያህል ጨምር፤ የመጀመሪያዋን ግን እንደ ኬይታ ፊልም ቁጠራት።

ጥላ ወዳድ

መጋረጃው ካስቸገረህ ልሙጡን ሞክር። ኢርቪንግ ፔን ፓሪስ ውስጥ ያገኘውን አሮጌ የቲያትር መጋረጃ ነበር ዕድሜ ልኩን የተጠቀመበት፤ ግራጫ፣ ደመና የመሰለ። በ1948 ደግሞ ሁለት የመድረክ ግድግዳ አጋጥሞ ጠባብ ጥግ ሠርቶ ታላላቆቹን እዚያ ውስጥ ያስገባቸው ነበር። የሚደገፉት ነገር ሲያጡ እያንዳንዱ የየራሱን አቋቋም ያመጣል። ሁለት ኮምፖርሳቶ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ብርሃን ፈላጊ

ጥጉን ሳምንት እሞክራለሁ፤ የአናጢ ጎረቤት አለኝ። ለግራጫው መጋረጃ ግን ምን ዓይነት ጨርቅ ልግዛ?

ዓባይ ዳር

አቡጀዲ። ወፍራሙን ምረጥ፤ ስፋቱ ስለማይበቃ ሁለት ወርድ አሰፋ፣ ስፌቱ ግን ከጭንቅላት በላይ አግድም እንዲውል አድርግ። መጀመሪያ እጠበው፤ ሳይታጠብ ቀለም አይይዝም። የግድግዳ ቀለም በውኃ አቅጥነህ በስፖንጅ ምታው፤ ብሩሽ መስመር ያወጣል። ሲደርቅ አትጠፈው፤ ቱቦ ላይ ጠቅልለው።

ጨለማ ክፍል

የሚያብረቀርቅ ቀለም እንዳትገዛ ብቻ። ልሙጥና ደብዛዛውን ጠይቅ፤ ያለዚያ ፍላሽህን መልሶ ይተፋብሃል።